ልጄ ከሳችብኝ፣ ወንድሟ ደግሞ ወፈረ፤ ምን ላድርግ?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 10። ሁለቱም የሚማሩት አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። እኔና አባታቸው ሥራ ስለምንውል ከትምህርት ቤት ሲመጡ የሚጠብቋቸው አያታቸው ናቸው፤ የባለቤቴ እናት።

የሚያስጨንቀኝ የሴቷ ነገር ነው። በጣም ቀጭን ናት። ሰርቪሱ 12 ሰዓት ተኩል ስለሚመጣ ቁርስ ሳትበላ ትወጣለች። ምሳ ዕቃዋ ግማሹ ይመለሳል። ትጾማለች፤ በጾም ጊዜ ጭራሽ ይብስባታል። ቤት ስትገባ ሻይ በዳቦ ከቀመሰች በቃ። ቶሎ ይደክማታል፣ ደረጃ ስትወጣ "ልቤ መታ" ትላለች። ዘመድ በመጣ ቁጥር "ምነው እንዲህ ከሳሽ? እናትሽ አታበላሽም እንዴ?" ይሏታል። አሁን እንግዳ ሲመጣ ከክፍሏ አትወጣም። አሜሪካ ያለችው እህቴ የምግብ ፍላጎት የሚጨምር ሽሮፕ ልካለች። ጎረቤቴ ደግሞ በቴሌግራም የሚሸጥ የሚያወፍር ኪኒን አለ ብላኛለች። ልስጣት ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድሟ ተቃራኒዋ ነው። የሰጡትን ይበላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነው። ትንሽ ወፈር ብሏል፤ አያቱ ግን "ሲያድግ ይጠፋለታል፣ ልጅ ሲወፍር ነው የሚያምረው" ይላሉ። ማታ ማታ እንጀራውን ስቀንስበት ያኮርፋል፤ እሳቸው ደብቀው ይሰጡታል። በቅርቡ ትምህርት ቤት ለክተዋቸው ነበር። እሷ ቁመቷ 1 ሜትር ከ56፣ ክብደቷ 40 ኪሎ። እሱ 1 ሜትር ከ40፣ 46 ኪሎ። ታናሽ ሆኖ ከእሷ በላይ መመዘኑ አስደነገጠኝ። ከአንድ ድስት እየበሉ እንዴት እንዲህ ይሆናል?

የሰሚቷ እናት

መልስ

እህቴ፣ ቁጥሩን አብረሽ ስለላክሽ አመሰግንሻለሁ። ብዙ እናቶች "ቀጭን ናት"፣ "ወፍራም ነው" ብለው ብቻ ይጽፋሉ። ቁመትና ክብደት ሲኖር ግን ከግምት ወጥተን መነጋገር እንችላለን። ስለዚህ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር።

ክብደት ከቁመት ጋር መመጣጠኑን የሚያሳየው ስሌት ቀላል ነው። ኪሎውን ለቁመቱ ታካፍያለሽ፤ የወጣውን እንደገና ለቁመቱ ታካፍያለሽ። የልጅሽ 40 ኪሎ ለ1.56 ሁለት ጊዜ ሲካፈል 16.4 ይመጣል። የወንድሟ 46 ኪሎ ለ1.40 ሁለት ጊዜ ሲካፈል 23.5 ነው።

ለአዋቂ ሰው 18.5 እና 25 የሚባሉ ወሰኖች እንዳሉ ሰምተሽ ይሆናል። እነሱን ለልጆች አትጠቀሚባቸው። ልጅ እያደገ ስለሆነ ዕድሜውና ጾታው መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ያዘጋጀው ሰንጠረዥ አለ። በዚያ ሰንጠረዥ 14 ዓመት የሞላት ልጅ ክብደቷ አንሷል የሚባለው ቁጥሯ ከ15.4 ሲወርድ ነው። 10 ዓመት ለሞላው ወንድ ልጅ ከ18.5 በላይ ሲሆን ክብደቱ ከመጠን አልፏል ይባላል። ከ21.4 ካለፈ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ወራቱ በጨመሩ ቁጥር ወሰኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የሁለቱን ልጆችሽን ቦታ ግን አይለውጠውም።

እንግዲህ ተመልከቺው። እንቅልፍ ያሳጣሽ የሴቷ ክብደት ነው፤ እሷ ቀጭን ብትሆንም በጤናማው ወሰን ውስጥ ናት። "እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነው" ያልሽው ልጅ ደግሞ ወሰኑን በግልጽ አልፏል። ይህን የምልሽ ላስደነግጥሽ አይደለም። ሁለቱም በጊዜ የተያዙ ናቸው፣ ሁለቱም ይስተካከላሉ። ነገር ግን ጭንቀትሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያርፍ እፈልጋለሁ። የሴቷን ክብደት ትተሽ ድካሟን ተከታተዪ። የወንዱን ውፍረት ደግሞ "ያምርበታል" ብለሽ አትለፊው።

ለምን እንዲህ ተሳሳትን? አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ የሁላችንም ዓይን እንደዚያ ነው የለመደው። ክሳት በዚህ አገር የረሃብና የበሽታ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሰው ወፍሮ ስናይ "ተስማማሽ" እንላለን፣ ከስቶ ስናይ "አመመሽ እንዴ?" ብለን እንደነግጣለን። ለዚያም በቂ ምክንያት ነበረን፣ ዛሬም አለን። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 58ቱ ከአምስት ዓመት በታች ሳሉ ቀንጭረው ነበር። በ2019 ወደ 37 ወርዷል፤ አሁንም ብዙ ነው። በ2016ቱ ጥናት ደግሞ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች ከ100 29ኙ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ። አያትየው ያደጉት ከዚህም በባሰ ዘመን ነው። ወፍራም የልጅ ልጅ ሲያዩ ደስ ቢላቸው አልፈርድባቸውም።

ዓለም ግን ተገልብጧል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ትልቅ ነገር ተናገረ። ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከክብደት ማነስ በቁጥር በለጠ፤ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ። በ2000 እ.ኤ.አ. ክብደታቸው ያነሰ ልጆች 13 በመቶ ገደማ፣ ከልክ በላይ የወፈሩት 3 በመቶ ነበሩ። አሁን ያነሰባቸው 9.2 በመቶ ሲሆኑ፣ የወፈሩት 9.4 በመቶ ደርሰዋል፤ 188 ሚሊዮን ልጆች ማለት ነው። ዘመዶቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው አሜሪካና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ቁጥሩ 21 በመቶ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ትንሿ ደሴት ኒዌ 38 በመቶ ደርሳለች። እዚያ የኖረው የአገር ምግብ ከውጭ በሚገባ ርካሽ የፋብሪካ ምግብ ተተክቷል።

ይህ መገልበጥ ያልደረሰው ሁለት አካባቢ ብቻ ነው፤ ደቡብ እስያና እኛ ያለንበት ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ። እኛ ጋ አሁንም ክብደት ያነሳቸው ይበዛሉ። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ሰሚትን አያሳይሽም። አዲስ አበባ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያገኙት አንድ ነገር አለ። የግል ትምህርት ቤት ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ናቸው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፤ የበሰለ፣ የተመጠነ ምግብ። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ብር፣ ግቢው ውስጥ ካፌ አለው። ካፌው የሚሸጠውን አንቺ አትመርጪም።

"ከአንድ ድስት እየበሉ" ላልሽው መልሱም ከዚሁ ይጀምራል። ከድስቱ የሚበሉት አንድ ይሆናል። ከድስቱ ውጭ የሚበሉትን ግን እስቲ ለአንድ ሳምንት ጻፊው። ማንንም ሳትቆጪ፣ ማንንም ሳትመረምሪ። ልጁ በእረፍት ሰዓት ምን ይገዛል? ሰርቪስ ውስጥ ምን ይበላል? አያት ቤት ሲቀበሉት ምን አቅርበው ይጠብቁታል? እሷስ እስከ ምሳ ድረስ ሆዷ ባዶ ነው ወይስ ከረሜላና ቺፕስ ቀምሳለች? እኔ የምጠረጥረው ሁለቱን የለያያቸው እራቱ እንዳልሆነ ነው። በቁርስና በእራት መካከል ያለው ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ተፈጥሮ አለ። ወላጆቻቸው የሰጧቸው አካል ይለያያል፤ አንዱ በአንቺ ወገን፣ አንዷ በአባቷ ወገን ወጥተው ሊሆን ይችላል። እሷ ደግሞ ቁመት በምትጥልበት ዕድሜ ላይ ናት። በዚህ ጊዜ ቁመት ቀድሞ ክብደት መከተሉ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ሴቷ ልመለስ፤ ድካሟን ቀላል አድርጌ አላየውም። ቁርስ የማትበላ፣ የምትጾም፣ ከምግብ ጋር ሻይ የምትጠጣ፣ ምናልባትም የወር አበባ የጀመረች ልጅ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ቢመታ መጀመሪያ የሚታሰበው የደም ማነስ ነው። ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ደሟን ይዩላት። ሄሞግሎቢኗ ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ አለባት ማለት ነው፤ ሐኪሙ የአይረን ኪኒን ያዝላታል። ሰገራዋም ይመርመር፤ መንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትል ደም ይመጥጣል። ልቧንም ያዳምጧት። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን ቫልቭ የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን በዚህ ዕድሜ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። ኖሮባት ነው አላልኩም፤ ማዳመጥ ግን ደቂቃ አይፈጅም።

ሻዩን ከምግቧ አርቂው። ቢያንስ አንድ ሰዓት። በሻይ ውስጥ ያለው ነገር ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን አይረን ሰውነቷ እንዳይወስደው ይይዘዋል። በተቃራኒው ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ብርቱካን ወይም ፓፓያ አብሮ ሲበላ አይረኑ በደንብ ይገባል። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ሽሮ ጎን ቲማቲም ለብ ለብ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ጾሙን በተመለከተ፣ የሃይማኖቷን ነገር እሷና የንስሐ አባቷ ያውቃሉ። ደም ማነስ ከተገኘባት ሄዳችሁ አማክሯቸው፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የጾም ምግብ ደሃ ምግብ አይደለም። ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ሽንብራ፣ አቮካዶ፣ ጎመን፣ ምስር አለ። ችግር የሚመጣው ጾም ማለት ዳቦ በሻይ ሲሆን ነው። በከተማችን የልጆች ጾም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ አየዋለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ስለ ሽሮፑና ስለ ኪኒኑ ጠይቀሻል። ኪኒኑን በምንም ዓይነት አትስጫት። እንዲህ ተብለው የሚሸጡት ኪኒኖች ውስጥ ዴክሳሜታዞን በብዛት ይገኛል። እሱ ስቴሮይድ ነው። ፊትን ያሳብጣል፣ ሰው ሲያይ "ወፈረች" ይላል። ውስጥ ለውስጥ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅም ይቀንሳል። ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የ14 ዓመት ልጅ እንዳትጀምረው፤ ጓደኞቿ ጋ ካለም ንገሪያቸው። ሽሮፑን ደግሞ ጀርባውን አንብቢ። ሳይፕሮሄፕታዲን የሚል ካለበት የአለርጂ መድኃኒት ነው። ያስርባል፣ ግን እንቅልፍ ያመጣል፤ ትምህርት ላይ ታንቀላፋለች። ሲቆም የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይሄዳል። እህትሽ ባለችበት አሜሪካ ራሱ በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚሰጠው። ለእህትሽ በፍቅር አመስግኛትና የተረፈውን ሻንጣ ቦታ ለሌላ ነገር እንድታውለው ንገሪያት። ቫይታሚን ብቻ ከሆነ ብዙም አይጎዳትም፤ ግን ቁርስን አይተካም።

የልጁን ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም በዝምታ የሚያልፈው እሱ ነው። የ10 ዓመት ልጅ እንዲከሳ አይፈለግም። ዳይት አታስጀምሪው። ማድረግ ያለብሽ ክብደቱ ባለበት እንዲቆይ ወይም በዝግታ እንዲጨምር ማገዝ፣ ቁመቱ ደግሞ እንዲያድግ መጠበቅ ነው። ቁጥሩን እይው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። 12 ዓመት ሲሞላው 1.50 ደርሶ ክብደቱ እዚያው 46 ቢሆን ቁጥሩ 20.4 ይሆናል። ለ12 ዓመት ልጅ ያ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሚባልበት ወሰን፣ ከ23.6፣ በብዙ ይርቃል። አንድም ኪሎ ሳይቀንስ ማለት ነው። አያቱ "ሲያድግ ይጠፋለታል" ያሉት በዚህ መንገድ ከሆነ እውነት ነው። በየዓመቱ 6 እና 7 ኪሎ እየጨመረ ከሄደ ግን አይጠፋለትም። በልጅነት የጀመረ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ወደ አዋቂነት አብሮ ይሻገራል፤ ስኳርና ደም ግፊትም አብረውት ይመጣሉ።

ይህ የፈረንጅ በሽታ እንዳይመስልሽ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን አገራቸው ሳሉ ስኳር በሽታን እምብዛም አያውቁትም ነበር። ከሄዱ በኋላ ባሉት ዓመታት በመካከላቸው በጣም ተስፋፋ። ያው ሰው፣ ያው ደም ነው። የተለወጠው ምግቡና የእግር ጉዞው ነው። ያ ለውጥ አሁን ቦሌና ሰሚት ገብቷል፤ አውሮፕላን ሳንሳፈር።

እንጀራውን አትቀንሺበት። በሰው ፊት ሲቀነስበት የተከለከለ ነገር ያምረዋል፣ ተደብቆ ይበላል፤ አያቱም እንዲያዝኑለት ምክንያት ትሰጫቸዋለሽ። ይልቅ ከመጠጡ ጀምሪ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ ይሻላል ይላል። በአንድ ጠርሙስ ልጅሽ ያንን አለፈው። ስኳር የተጨመረበት ጁስም ያው ነው። ለስላሳን ከሳምንቱ ቀናት አውጡትና ለልደትና ለበዓል ይሁን። ግን ለሁሉም ሰው፤ ለአባቱም ጭምር። ፍሪጅ ውስጥ ለአባት ተቀምጦ ለልጅ የሚከለከል ነገር ሕግ ሳይሆን ቅጣት ነው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ልጅሽ ከቤት በር በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ ይመለሳል። ከዚያ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን። ለዕድሜው በቀን አንድ ሰዓት ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ጂም አያስፈልገውም። ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሌባና ፖሊስ፣ ደረጃ መውጣት። የኮንዶሚኒየም ግቢ መኪና እንደሚበዛበት አውቃለሁ። ከብሎካችሁ ሁለት ሦስት ወላጆች ጋር ተነጋግራችሁ ከ11 እስከ 12 ሰዓት አንዳችሁ እየጠበቃችሁ ይጫወቱ። ቅዳሜና እሑድ አባቱ በእግሩ ይዞት ይውጣ። እንቅልፉንም እዪ፤ በ10 ዓመት ቢያንስ 9 ሰዓት፣ በ14 ዓመት ቢያንስ 8 ሰዓት ያስፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሰርቪስ የሚጠብቅ ልጅ ማታ 5 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ካለ ጠዋት የምግብ ፍላጎት አይኖረውም፤ ከሰዓት ደግሞ ጣፋጭ ያምረዋል። እህቱ ቁርስ የማትበላው በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሁለት ወጥ ቤት አትክፈቺ። ለእሷ ቅቤ፣ ለእሱ ክልከላ፤ ለእሷ "ብዪ ብዪ"፣ ለእሱ "በቃህ በቃህ" አይሁን። እንደዚያ ያደጉ ወንድምና እህት ምግብን ይጠላሉ፣ እርስ በርስም ይቀናናሉ። የሚገርመው ሁለቱን የሚጠቅመው ምግብ አንድ መሆኑ ነው። ጠዋት ቅንጬ ወይም እንቁላል በዳቦ። ጊዜ ከሌለ በሶ ተበጥብጦ በብርጭቆ፤ ሰርቪስ ሲጠብቁ ይጠጣል። ምሳ ዕቃ ውስጥ ከፓስታው ጎን ምስር ወይም ሽሮ፣ ካሮት፣ አንድ ሙዝ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በብስኩት ፈንታ ቆሎ፣ እርጎ፣ ብርቱካን። እራት ላይ እንጀራው እንዳለ ሆኖ ጎመንና ሰላጣው ይብዛ። እሷ ስትፈልግ ለውዝና አቮካዶ ትጨምር። እሱ ከጠገበ ይተወው፤ ሰሃን ጨርስ አትበሉት። አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ ከአንድ ትሪ ብሉ።

የዘመዱን አፍ ግን ዝም አትበዪው። ልጅሽ ከክፍሏ አልወጣም ማለቷ ከኪሎዋ በላይ ያሳስበኛል። በዚህ ዕድሜ "ጭራሮ" የተባለች ልጅም ሆነ "በርሜል" የተባለ ልጅ ቃሉን ይዘውት ይኖራሉ። ወንዱንም ትምህርት ቤት እንዲህ እንደሚሉት ጠይቂው፤ ወንዶች አይናገሩም። ለታላላቆቹ በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ "እትዬ፣ ስለ ክሳቷ አይንገሯት፤ ሐኪም አይቷታል። ስለ ትምህርቷ ይጠይቋት።" ልጅሽ በሰማችበት በይው። እናቷ ከጎኗ እንደቆመች ትወቅ። አንቺም በልጆቹ ፊት ስለ ራስሽ ውፍረትና ክሳት አታማሪ፤ ይሰሙሻል።

የትምህርት ቤቱ ካፌ ላይም ድምፅ አለሽ። ብቻሽን ሄደሽ ብትናገሪ "የእርስዎ ልጅ አይግዛ" ይሉሻል። በወላጆች ኮሚቴ በኩል ሲሆን ይሰማሉ። ሜክሲኮ በ2025 እ.ኤ.አ. ቺፕስ፣ ከረሜላና ለስላሳ በትምህርት ቤቶች እንዳይሸጥ ከልክላለች። እናንተም ቢያንስ ለስላሳው ወጥቶ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ውሃ እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሳትዘገዪ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብሽ ጊዜም አለ። እሷ ክብደት መቀነስ ከጀመረች፣ የወር አበባዋ ለወራት ከጠፋ፣ ሳልና የማታ ላብ ካለባት፣ ወይም ከምግብ በኋላ ሽንት ቤት ገብታ የምታስመልስ ከመሰለሽ ዛሬ ነገ አትበዪ። እሱ ደግሞ አንገቱ ዙሪያ ቆዳው ጠቆር ብሎ ወፍሮ ከታየ፣ ሌሊት ካንኮራፋና ትንፋሹ ከቆራረጠ፣ ወይም ጉልበቱንና ዳሌውን ካመመው እንደዚሁ። ብዙ ውሃ መጥማትና ሌሊት እየተነሱ መሽናት ለሁለቱም የስኳር ምልክት ነው፤ ቀጭን ልጅም ስኳር ይይዘዋል። ካልሆነ በየሦስት ወሩ ለክተሽ ቁመቱንና ክብደቱን ደብተር ላይ ጻፊ። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አታውጫቸው።

የቀረው አያታቸው ናቸው። ከእሳቸው ጋር አትጣዪ፤ ቤቱን ይዘው ልጆችሽን የሚያሳድጉልሽ እሳቸው ናቸው። "እማዬ፣ ልጁን እያበላሹብኝ ነው" ካልሻቸው ተጎድተው መደበቃቸውን ይቀጥላሉ። ይልቅ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ አብረሽ ውሰጃቸው። ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። ከዚያ ሥራውን ለእሳቸው ስጪ። ቆሎ መቁላት፣ በሶ ማዘጋጀት፣ ተልባ መውቀጥ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅበት የለም። ልጁ ከሰርቪስ ሲወርድ በብስኩት ፈንታ በእጃቸው የተቆላ ቆሎና ሽንብራ ያቅርቡለት። ስስታቸውን አትከልክያቸው፤ የሚሰጡት ነገር ብቻ ይለወጥ። የደም ምርመራው ውጤት ሲደርስ ደግሞ ጻፊልኝ፤ በዚያ ላይ ተመሥርተን ስለ አይረኑ አወሳሰድ በዝርዝር እንነጋገራለን።